በነሐሴ የተነሳ ዋንጫ፦ የክረምት ጩኸት ለጣና ሞገዶቹ ምን አተረፈ?

ክረምት ላይ ሁሉም ክለብ ሻምፒዮን ነው። የዝውውር መስኮቱ ይከፈታል፤ አዲሱ ፈራሚ ማልያ ይዞ የተነሳው ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «ዘንድሮ የኛ ነው» የሚል ኮሜንት ይደረደራል። ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ ባህር ዳር ከተማ የሚያወራ ልጅ «ዋንጫውን እናነሳለን ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው «ስንት ጨዋታ ሲቀረን እናረጋግጣለን?» ነው።

ይሄ ሙቀት ባይኖር ኳስ ምን ጣዕም አለው? እኛም እንወደዋለን። ግን አዲስ የውድድር ዘመን በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ሲደጋገም እያየን ነው። በነሐሴ ሰማይ የነካው ቡድን በታህሳስ «አሰልጣኙ ይነሳ» ይባልበታል፤ ማንም ያልጠራው ቡድን ደግሞ በሰኔ ዋንጫ ይዞ ይጨፍራል። አባቶቻችን «ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል» ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው ማብራሪያ «ሙገሳው ተጫዋቾቹን ያኮራቸዋል» የሚል ነው። በኛ እይታ ትልቁ ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ጩኸቱ መጀመሪያ የሚቀይረው የኛን መለኪያ ነው፤ ጥሩ ውጤት እንደ ውድቀት እንዲታይ ያደርጋል። ከዚያ ክለቡ ለጩኸቱ መልስ ልስጥ ሲል ራሱ የገነባውን ያፈርሳል። እስቲ ከራሳችን ቡድን እንጀምር።

ሁለት ክረምት፣ ሁለት ውጤት

ባህር ዳር ከተማ ፕሪምየር ሊጉን የተቀላቀለው በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ለ2014 የውድድር ዘመን ሲዘጋጅ አብርሃም መብራቱን በአሰልጣኝነት አመጣ። አብርሃም ማለት ዋሊያዎቹን የመራ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የየመንን ብሔራዊ ቡድን ያሠለጠነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ስም ባህር ዳር ሲገባ ጋፊው ምን ሊያስብ ይችላል? ዋንጫ ነዋ!

ሆኖም የዚያ ዓመት የዋንጫ ፉክክር በቅዱስ ጊዮርጊስና በፋሲል ከነማ መካከል ሆነ። ፈረሰኞቹ ወሰዱት፣ አፄዎቹ ሁለተኛ ሆኑ። የጣና ሞገዶቹ ከፉክክሩ ውጪ ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015፣ ቡድኑን ደግአረግ ይግዛው ያዘው። እንደ ቀዳሚው ክረምት ያለ የስም ግርግር አልነበረም። በዓመቱ መጨረሻ ግን ባህር ዳር ከጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ትኬት ቆረጠ።

አብርሃም መጥፎ አሰልጣኝ ነው ማለታችን አይደለም። በሁለቱ ዓመታት መካከል ብዙ ነገር ተቀይሯል፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ «ምክንያቱ ይሄ ነው» ማለት አይቻልም። ማየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በክረምት የነበረን እርግጠኝነት በሰኔ ስለሚመጣው ውጤት ምንም አልነገረንም። ብዙ በጠበቅንበት ዓመት አጣን፣ ባልጠበቅንበት አገኘን።

ዳታ በተዘጋበት ነሐሴ

ከዚያ የመጣው ደግሞ የባሰ ይገርማል። በነሐሴ 2015 ባህር ዳር ከተማ የታንዛኒያውን አዛም ገጠመ። አዛም ጀርባው ላይ ትልቅ የንግድ ኩባንያ ያለው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ ሀብታም የሚባል ክለብ ነው። ባህር ዳር አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ዳሬሰላም ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈ፤ ከዚያ በፔናልቲ አልፎ አዛምን ከውድድር አስወጣ። ቀጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ተሰናበተ። ያም ቢሆን አዛምን ማስወጣት ለክለቡ ትልቅ ምዕራፍ ነበር።

ያን ጊዜ እኛ የት ነበርን? በሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ሞባይል ዳታም ተዘግቶ ነበር። ጎጃም ውስጥ ላለ አብዛኛው ወጣት ፖስተር የሚያይበት፣ «እንበላቸዋለን» ብሎ የሚጽፍበት መስመር አልነበረም። ውጤቱን የሰማነው በስልክ ተደዋውለን፣ በሬዲዮ ወይም በቴሌቪዥን ነው። በክለቡ ታሪክ ከታዩት ትልልቅ ምሽቶች አንዱ ያለፈው የራሱ ጋፊዎች ኦንላይን ላይ ዝም ባሉበት ሰዓት ነው።

ዳታ ስለተዘጋ አሸነፍን እያልን አይደለም፤ ያን ጊዜ እንዲደገም የሚመኝም የለም። ግን የኛ ጩኸት ለድል የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ያ ነሐሴ አሳይቶናል።

ሌላም ነገር አለ። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው። ባህር ዳር ራሷ አስተናጋጅ የነበረችባቸው ዓመታት ነበሩ። ከ2016 ወዲህ ግን ጨዋታው ያለው እንደ አዳማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ ሌሎች ከተሞች ነው። ከፍኖተ ሰላም ባህር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ጠዋት ተነስተህ ጨዋታ አይተህ የምትመለስበት መንገድ ነው። አሁን ቡድናችንን የምናውቀው በስልክ ብቻ ሆኗል። ልምምድ አናይም፣ የወዳጅነት ጨዋታ አናይም፣ ማን እንደተጎዳ እንኳ የምንሰማው ዘግይተን ነው። ተስፋችን የሚሠራው ከፖስተርና ከ30 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። እንዲህ የተሠራ ተስፋ ደግሞ በሁለት ሽንፈት ይፈርሳል።

ሁለተኛ የወጣ ቡድን ዕዳ

ከ2015 በኋላ የሆነውን አስታውሱ። ሁለተኛ ለወጣ ቡድን ቀጥሎ የሚጠበቅበት ደረጃ አንድ ብቻ ነው፦ አንደኛ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ «ወረድን» ይባላል። ዋንጫውን በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ወሰዱት። ባህር ዳር ሊጉን ከተቀላቀለ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው፣ ዋንጫ አንስቶ የማያውቅ ክለብ ነው። እኛ ግን የምናወራው የተወሰደበትን ንብረት እንደሚያስመልስ ሰው ነው።

የሊጉን የቅርብ ዓመታት ታሪክ ያየ ሰው እንዲህ አያወራም። ከ2010 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል፤ ስለዚህ የተጠናቀቁት ሰባት ናቸው። ሻምፒዮኖቹን እንቁጠር፦

2010፦ ጅማ አባ ጅፋር፣ ባደገበት ዓመት
2011፦ መቀለ 70 እንደርታ፣ ባደገ በሁለተኛው ዓመት
2013፦ ፋሲል ከነማ
2014 እና 2015፦ ቅዱስ ጊዮርጊስ
2016፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ከታችኛው ሊግ በተመለሰበት ዓመት
2017፦ ኢትዮጵያ መድን፣ በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት

ከሰባቱ አራቱን የወሰዱት ከታች ከመጡ ሦስት ዓመት ያልዘለላቸው ቡድኖች ናቸው። ቡድኖቹ ሊጉን ሲጀምሩ «በሊጉ ይቆያሉ ወይ?» እንጂ «ዋንጫ ያነሳሉ ወይ?» ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ዝምታ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ ባይሆን ኖሮ ካደጉት ቡድኖች ብዙዎቹ በዓመቱ ተመልሰው ባልወረዱ ነበር። ንግድ ባንክና መድን ከኋላቸው ገንዘብ ያለው ተቋም አለ። ከአራቱ ዋንጫዎች ሦስቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ፦ ገብረመድህን ኃይሌ። ጅማን፣ መቀለን፣ መድንን፣ ሦስት የተለያዩ ክለቦችን ሻምፒዮን አድርጓል። ስለዚህ ነገሩ «ያልተጮኸለት ያሸንፋል» አይደለም። ጥሩ አሰልጣኝና የተረጋጋ አስተዳደር ያለው ቡድን፣ ጩኸት ሲቀንስለት ለመሥራት ጊዜ ያገኛል ነው።

ጅማን ያየ

የዚህ ሌላኛው ፊት ከባድ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ከቅዱስ ጊዮርጊስ አፍ ዋንጫውን ነጠቀ። ጊዮርጊስ እኮ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የነበረ፣ በ2009 ደግሞ ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ የገባ ቡድን ነው። ጅማ በአንድ ሌሊት «ትልቅ ክለብ» ተባለ።

ከዚያስ? አሰልጣኙ ወደ መቀለ ሄደ፣ በዓመቱም እዚያ ዋንጫ አነሳ። ጅማ ላይ የቀረው ማልያውና የሻምፒዮንነት ስሙ ነበር። ጋፊውና ተጋጣሚው የሚያዩት ስሙን ነው፤ ሜዳ ላይ ያለው ግን ሌላ ቡድን ነው። በ2014 መጨረሻ ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት!

ሩቅ አገርም ይሄው ነው። ሌስተር ሲቲ በ2016 እ.ኤ.አ. ዓለምን አስገርሞ የእንግሊዝን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ራኒዬሪ ሐውልት ይገባዋል ሲባል ነበር። ከዘጠኝ ወር በኋላ ተባረረ። የተቀየረው የሚጠበቅበት ነገር ነው፤ በፊት አለመውረድ ይበቃ ነበር፣ በኋላ ግን አልበቃም።

አንደኛ ተብሎ ጀምሮ ከውድድር የቀረው ቡድን

ከዚህ ሁሉ ለኛ በጣም የሚቀርበው ምሳሌ የመጣው ከአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ነው። እዚያ ውድድሩ ሳይጀመር የስፖርት ጋዜጠኞች ድምፅ ሰጥተው ቡድኖቹን ከ1 እስከ 25 ያስቀምጣሉ። የኛ የክረምት ኮሜንት በመደበኛ መልክ ተሠርቶ ማለት ነው።

የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ለብሔራዊ ፍጻሜ ደርሶ በካንሳስ 72 ለ 69 ተሸነፈ። ከአምስት ቋሚ ተሰላፊዎቹ አራቱ ለቀጣዩ ዓመት ተመለሱ። ጋዜጠኞቹ ምን አሉ? «አንደኛ!»

ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች አሸነፈ፤ ከዚያ በተከታታይ አራት ተሸነፈ። ታህሳስ ሲገባ ከ25ቱ ዝርዝር ጭራሽ ወጣ። ዓመቱን በ20 ድልና በ13 ሽንፈት ጨርሶ የመጨረሻው ታላቅ ውድድር ላይ ሳይጠራ ቀረ። ያ ውድድር በ1985 ወደ 64 ቡድን ካደገ ወዲህ፣ አንደኛ ተብሎ ዓመቱን ጀምሮ ከውድድሩ የቀረ ቡድን እሱ የመጀመሪያው ነው።

ምን ጎደለ? ሁሉም የቆጠረው የተመለሱትን አራቱን ነው። የሄደው አምስተኛው ብራዲ ማኔክ ረጅም ሆኖ ከሩቅ የሚያስቆጥር፣ ተከላካዮችን ወደ ውጪ ስቦ ለሌሎቹ ቦታ የሚከፍት ተጫዋች ነበር። በፖስተር ላይ ትልቁ ስም አልነበረም። እሱ ሲጎድል ግን የአራቱም ሥራ ከበደ። ያንን ክፍተት በክረምት ያየ ጥቂት ነበር፤ ሁሉም የሚያየው ስም ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ቡድን ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው?

እኛ አራት በር ይታየናል።

አንደኛው ተጋጣሚ ነው። «የዋንጫ ተፎካካሪ» የተባለ ቡድን ሲመጣ ሌላው እንደ ፍጻሜ ጨዋታ ይዘጋጃል። አሥር ሰው ወደ ኋላ መልሶ አንድ ነጥብ ይዞ ለመሄድ ይጫወታል። ባልተጮኸልህ ዓመት ክፍት ሜዳ ታገኛለህ፤ በተጮኸልህ ዓመት ግድግዳ። ያው ቡድን፣ ያው አጨዋወት፣ ውጤቱ ግን አቻ በአቻ ይሆናል።

ሁለተኛው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው። በ16 ክለብ ሊግ 30 ጨዋታ አለ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጨዋታዎች ከጠቅላላው ስድስተኛው እጅ ብቻ ናቸው። ምንም ያልተጠበቀበት ቡድን ከአምስቱ ሁለት ቢሸነፍ «ገና ነው» ይባላል፤ ብዙ የተጠበቀበት ሲሸነፍ «ቀውስ» ይባላል። ከዚያ ያቺ የለመድናት ዜና ትመጣለች፦ «ክለቡ ከአሰልጣኙ ጋር በስምምነት ተለያየ።»

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የከተማ ክለቦቻችን በብዛት የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። አመራሩ ጋፊ እንዲረካለት ይፈልጋል፤ ለማርካት ደግሞ ቀላሉ መንገድ በክረምት ትልቅ ስም ማስፈረም ነው። በነሐሴ 2011 የተጫዋች ወርሃዊ ደሞዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተቀምጦ ነበር፤ ምክንያቱም ወጪው ክለቦቹን እያናጋ ነው ተብሎ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በጥር በየካቲት «ተጫዋቾች ደሞዝ አልተከፈለንም አሉ» የሚለው ዜና ከዚህ ሊግ አልጠፋም። በክረምት ለፎቶው ያጨበጨብንለት ተጫዋች፣ በበጋ ደሞዝ ሳያገኝ እንዲያሸንፍልን እንጠብቃለን።

አራተኛው የሚነካው እኛኑ ነው፤ የአካባቢውን ልጅ ማለታችን ነው። በየሳምንቱ ማሸነፍ አለበት የተባለ አሰልጣኝ የ18 ዓመት ልጅ ለመሞከር አይደፍርም። የሚያሰልፈው ስም ያለውን ነው፤ ቢሸነፍ እንኳ «ትልቁን ተጫዋች አሰልፌ ነበር» ይላል። ከቡሬ፣ ከደምበጫ፣ ከጂጋ፣ ከመርዓዊ ሜዳ የሚወጣው ልጅ ተራው የሚደርሰው መቼ ነው? ለመሳሳት ጊዜ በሚሰጥ ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። ያንን ጊዜ የምንነጥቀው ደግሞ «ዘንድሮ ካልሆነ መቼም» እያልን ነው።

ኪሳችንስ?

አንድ ነገር ሳናነሳ ብንዘጋ ደግ አይሆንም፤ ቤቲንግ። የክረምቱ ጩኸት መስከረምና ጥቅምት ላይ ቲኬት ይሆናል። «ቡድናችን ዘንድሮ አይሸነፍም» ብሎ ያመነ ልጅ ብሩን ያስቀምጣል።

ሒሳቡን እንየው። ብዙ የሚወራለት ቡድን ላይ ብዙ ሰው ስለሚወራረድ ኦዱ ይወርዳል። ኦዱ 2.00 ከሆነ በ100 ብር 200 ታገኛለህ፤ ላለመክሰር ከሁለት ጨዋታ አንዱን ማግኘት ይበቃሃል። በጩኸት ምክንያት ወደ 1.50 ከወረደ 150 ነው የምታገኘው፤ ላለመክሰር ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ማግኘት አለብህ። ቡድኑ ያው ነው፣ የተጨመረው ጩኸት ብቻ ነው፣ የጩኸቱን ዋጋ የምትከፍለው ግን አንተ ነህ። በቡድን ፍቅር የተቆረጠ ቲኬት ከሁሉም ቲኬት የባሰ ውድ ነው።

እንግዲህ ምን እንይ?

ተስፋ አታድርጉ አንልም። የዚህ አገር ገበሬ ተስፋ ባያደርግ አይዘራም ነበር። ግን ነሐሴ ላይ በቆሎው ስለለመለመ ብቻ ጎተራው ሞላ አይልም። ዝናቡን ያያል፣ ተባዩን ያያል፣ ከዚያ ስንት ኩንታል እንደሚጠብቅ ይነግርሃል። እኛም የባህር ዳርን ዝግጅት ስንከታተል አራት ነገር ብናይ ይበጀናል።

አንድ፦ ማን መጣ ከማለት በፊት ማን ሄደ እንበል። የሄደው ተጫዋች ሥራው ምን ነበር? የሚሸፍነው ማን ነው?

ሁለት፦ አሰልጣኙ ካለፈው ዓመት ስንት ቋሚ ተሰላፊ ይዞ ይቀጥላል? በየክረምቱ ግማሹን የሚቀይር ቡድን በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስት፦ ደሞዝ በጊዜው እየተከፈለ ነው? ይሄ ከማንኛውም ፖስተር በላይ ስለ መጪው ጥር ይነግረናል።

አራት፦ ከታዳጊ ቡድኑ ስንት ልጅ ወደ ዋናው ዝርዝር ገባ? ስንት ደቂቃስ ተጫወተ?

ለነዚህ አራት ጥያቄዎች መልሱ ጥሩ ከሆነ፣ ቡድኑ በአምስተኛው ሳምንት ሰባተኛ ላይ ቢሆንም አንደንግጥ። መልሱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ በአምስተኛው ሳምንት መሪ ቢሆንም አንጨፍር። ክለቡም ቢሆን የሚጠየቀው ነገር «ለምን ትልቅ ስም አላስፈረማችሁም?» ከሚለው ወደነዚህ ጥያቄዎች ቢዞር፣ ገንዘቡን የሚያወጣበትን ቦታ ያስብበታል። ጋፊ የሚጠይቀውን ነገር ነው አመራር ለማሳየት የሚሯሯጠው።

እስቲ አንድ ነገር እንሞክር። ባህር ዳር ከተማ ዘንድሮ ስንተኛ ይወጣል ብላችሁ ትገምታላችሁ? ደረጃውን ብቻ ሳይሆን ምክንያታችሁንም ጨምራችሁ ከታች ጻፉ፤ «ቡድናችን ስለሆነ» ግን እንደ ምክንያት አይቆጠርም። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አውጥተን አብረን እናየዋለን። የኛን ግምት መጀመሪያው ኮሜንት ላይ ታገኙታላችሁ።